መሪጌታ ሲክስተን፣ የስኪ ብረት ሊቅ

በረዶ ያለበት አገር፣ መንደር ከተባለ፣ አንድ የብረት ሊቅ አያጣም። ቤቴ ተቃጠለ ብትለው «ምስማሩ የምን ነበር?» ይልሃል። ሚስቴ ጥላኝ ሄደች ብትለው «በየትኛው የበረዶ ሞተር?» ይልሃል። እግዜር ይህን ሰው ሲፈጥረው ዓይኑን ከጉልበት በታች ብቻ እንዲያይ አድርጎ ነው የፈጠረው። በእኛ መንደር በታልትሬስክ፣ እዚህ ሰሜን ስዊድን፣ ይህንን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡርነታቸው መሪጌታ ሲክስተን ሉንድማርክ ናቸው።

መሪጌታ ያልኩት እንዲያው ለማሾፍ ብቻ አይደለም፤ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የሚጫወተው እሱ ነው። ከዚህ በኋላም አንተ እለዋለሁ፣ እኛ ዘንድ ቄሱም አንተ ነው የሚባለው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ያደረ እንደሆነ መዝሙሩ ይፈጥናል። ምእመኑ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ እየተከተለ ይዘምራል። ሰውየው ወደ ውጭ መውጣት ቸኩሏላ! ደጅ ላይ የቆሙት የበረዶ ሞተሮች እየጠበቁት ነው።

ነዳጅ ማደያ ስትደርስ፣ ገና የራስ ቁርህን ሳታወልቅ ሲክስተን ከፊትህ ተንበርክኳል። እንዳትደነግጥ፣ አንተን ሊለምን አይደለም። ሞተሩ ከፊት ለፊቱ ሁለት ስኪ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ጠፍጣፋ እግሮች፣ አለው፤ ከእያንዳንዱ ስኪ ሥር ደግሞ ስለት የተበየደበት ቀጭን ብረት ታስሯል። መታጠፊያ ላይ በረዶውን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። ሲክስተን ጓንቱን ያወልቅና የአውራ ጣቱን ጥፍር በዚያ ብረት ላይ ይፍቃል። ጥፍሩ ከተላጠለት ዝም ብሎ ይነሳል። ከተንሸራተተበት ግን ወዮልህ! ነዳጅህ ሞልቶ፣ ከኋላህ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

«ሰው አይስትም፤» ይላል ሲጨርስ፣ ጉልበቱን እያራገፈ፤ «ብረት ነው የሚስት።»

ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ፣ ፊቴን በመንገድ ላይ ቢያየው የሚያውቀው አይመስለኝም። ስኪዬን ቢያይ ግን «ኢቫር እዚህ አካባቢ አለ» ማለቱ አይቀርም።

የመንደራችን ልጅ የአኔሊ ሠርግ ዕለት ያደረገውን ልንገራችሁ። ቄሱ ቆሟል፣ እንግዳው ተቀምጧል፣ ኦርጋኑ ግን ጸጥ ብሏል። መሪጌታው የለም! ፈልገን ፈልገን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ሞተር ሥር በጀርባው ተኝቶ አገኘነው። ሙሽሮቹ ከሥርዓቱ በኋላ ሐይቁን አቋርጠው ሊሄዱ ነበር።

«በዚህ ጠባብ ስኪ? በዚህ ለስላሳ በረዶ ላይ?» አለ ከሥር ሆኖ። «ሙሽሪትን እበረዶ ውስጥ ልትቀብራት ነው ወይስ ልታገባት?»

«ሲክስተን፣ ወንድሜ፣ በናትህ ተነስ፤ ቄሱ ቆሟል!» አለ ሙሽራው።

«ይቁም! እሱ ምን ቸገረው፣ መታጠፊያ የለበት!»

የራሱን ሞተር ሰፋፊ ስኪዎች ፈትቶ ለሙሽሮቹ ሞተር እስኪያስር ድረስ እንግዳው ሁሉ ጠበቀ። አኔሊ በነጭ ቀሚሷ ላይ የአባቷን ካፖርት ደርባ፣ በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና «እሱን ባገባ ይሻለኝ ነበር፤» አለች፤ «ቢያንስ የት እንደምወድቅ ያስብልኛል።» ሙሽራው እስከ ዛሬ ይህቺን ቃል አልረሳም።

የእኔም ተራ ደርሷል። ሞተሬ መታጠፊያ ላይ መሪውን ወደ ግራ ሳዞርለት እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሲክስተን ስለቱ ረዘም ያለ ብረት አዘዘልኝ። አሰርኩ። የፊቱ አጥብቆ ነክሶ ያዘና የኋላው እየተወረወረ ሊጥለኝ ሆነ። «እሱማ ቀላል ነው፤» አለ፤ «ከሥር የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ ላይ ምስማር ምታበት።» መታሁበት። አሁን የኋላው በረታና የፊቱን እየገፋ እንደገና ቀጥ! ሲክስተን በደስታ እጁን አፋተገ። «አየህ? የፊቱን ደግሞ ትንሽ እንጨምርለት!» ጨመርን። ይኸኛው ደግሞ ሌላ ሰው ያለፈበትን ዱካ ሁሉ እየተከተለ፣ ሳልጠራ ሰው ግቢ ይዞኝ ይገባ ጀመር። አንድ ቀን እንዲያውም ምሳ በልቼ ወጣሁ። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሁለት ስለት ያለው ብረት አሰረልኝና ዱካ መከተሉን ተወ።

ታዲያ ብረት በለወጠልኝ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ ይመርቅልኛል። «ይሄ ብረት ጥድፊያ አይወድም። ከመታጠፊያው በፊት ነዳጁን ቀነስ አድርግለት። ወደ ውስጥ ዘንበል በልለት።» እኔም ለብረቱ ስል ቀነስኩ፣ ለብረቱ ስል ዘነበልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ እታጠፋለሁ።

እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ስለ ሲክስተን የማውቀው ይህንኑ ነበር፤ ብረት የሚወድ ጨቅጫቃ። ከዚያ የማይቮር ነገር መጣ።

ማይቮርና ባሏ ሄልጌ ከሐይቁ ማዶ ነው የሚኖሩት። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶው ላይ ካልሆነ ወደዚያ መንገድ የለም። ሄልጌ በዚያ ቤት ነው የተወለደው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት፤ እሱ ከኋላ ተቀምጦ መንገዱን በቃል ይመራታል፣ እሷም አትሰማውም። አንድ ቀን ፓልት የሚባለውን የድንች ድቡልቡል ቤት ምድጃ ላይ ጥዳ፣ መንደር ደርሰው ሲመለሱ፣ የጀልባ ማደሪያው ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ አልታጠፍ አለ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከበርች ዛፍ ጋር ተላተመ። ሄልጌ ታፋው ተሰበረ።

እሱ በሁለት ክራንች ከሆስፒታል ሲመለስ እየቀለደ ነው የመጣው። ማይቮር ግን መሪ አልነካም አለች። «የባሌን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ፤» ትላለች፣ ሌላ ነገር ብትጠይቋትም። መንደሩም በልቡ «ፈጥና ነበር» ይላል። እውነቱም እሱ ነው፣ ፈጥና ነበር፤ ፓልቱ እንዳይፈርስባት ብላ። ታዲያ ማን ይንዳ? ጎረቤት እስከ መቼ ዳቦ ያመላልስላቸው? ለፋሲካ ቤቱን ሸጠው ከተማ ፎቅ ላይ ሊገቡ ተስማሙ። ሄልጌ በዚያን ሰሞን መቀለዱን ተወ። እኔም ያንን ሰው አሳንሰር ሲጠብቅ ላስበው አልቻልኩም።

የተጎዳውን ሞተር እኔ ጋራዥ ጎትቼ አምጥቼ መሪውን አቅንቼላቸው ነበር። ማይቮር ገዢ ፈልግልኝ ልትለኝ በእግሯ በረዶውን አቋርጣ መጣች። ይህን እያወራን ሳለ ሲክስተን ገባ። እንደ ልማዱ ማናችንንም ሳያይ ከስኪው ሥር ተንበረከከ።

እኔ አልሰጋሁም። እነዚያን ብረቶች በመጸው ላይ እኔው ራሴ ነኝ ያሰርኩላት፤ አዲስ ናቸው። ሲክስተን ጓንቱን አወለቀ። ጥፍሩን ፋቀ። ነጭ የጥፍር ፍቅፋቂ ብን ብሎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ስለቱ ምላጭ ነው!

ሲክስተን ወዲያው አልተነሳም። ቀና ብሎ ማይቮርን አያት። ከበሩ አጠገብ፣ ሞተሩን ላለማየት ግድግዳውን እያየች ቆማ ነበር።

«ዱልዱም!» አለ።

«ምን?» አለች።

«ዱልዱም ነው እኮ! የሾርባ ማንኪያ! ማነው ይህን ያሰረልሽ?»

«ኢቫር ነው።»

«ኢቫር!» እጆቹን ወደ ላይ ወረወራቸው። «በቃ፣ ገባኝ! ኢቫር ባሰረው ብረት እንኳን አንቺ መልአክም አይታጠፍ! አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ነበር እንዴ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ የምትወቅሽው? ብረቱን ሳታዪ!»

አፌን ከፈትኩ። ብረቱ አዲስ ነው ልል፣ ለምን ስሜን ታጠፋለህ ልል፣ የምለው ብዙ ነበር። ሲክስተን ዞሮ አየኝ። ስኪዬን አይደለም፣ ፊቴን። ዓይኑ ለካ ሰማያዊ ነው! እንዲህ የሚለማመጥ ዓይን በዚያ ሰው ላይ አለ ብዬ ጠርጥሬም አላውቅ። እኔም ምን ላድርግ፣ የእኛ አገር ሰው «አዎ» ሲል እንደሚያደርገው አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

«አዎ፤» አልኩ፤ «ሳይደነዝዝ አልቀረም።»

ብረቶቼን ፈታና ከራሱ ሣጥን ሌላ ጥንድ አውጥቶ አሰረ። እምላለሁ፣ ከእኔዎቹ ያረጁ ነበሩ። ከዚያ ሞተሩን ወደ በረዶው ገፋውና «ነይ፤» አላት።

«አልነዳም አልኩ እኮ፣ ሲክስተን!»

«ማን ይንዳልሽ ታዲያ? ብረቱ ያንቺን እጅ መልመድ አለበት!»

ማይቮር እንደ ምንም ወጣችበት፤ እሱም ከኋላዋ ተቀመጠ። ሲክስተን ከሰው ኋላ ተቀምጦ አያውቅም፤ የኋላውን ወንበር «የሬሳ ሣጥን» ነው የሚለው። ማይቮር ለረጅም ጊዜ መሪውን ይዛ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ቀጥሎ ጉዞ ጀመረች። ምን ሊሆን ነው ብዬ እኔም በሞተሬ ተከተልኳቸው።

የጀልባ ማደሪያው መታጠፊያ ጋ ሲቃረቡ የሲክስተን ድምፅ ከሞተሩ በላይ ሆኖ ተሰማኝ። «ይሄ ብረት ኩሩ ነው! ከመታጠፊያው በፊት ነዳጁን ካልቀነስሽለት አይነክስም! ቀንሺለት! እንደሱ! አሁን ዘንበል በይለት!»

እኔ እዚያው ሞተሬን አቆምኩ። ይህን ቃል እኔ የት ነው የማውቀው? ብረት ሲኮራ ማን አይቷል? ብረት ነዳጅ ይቀነስልኝ ብሎ ያውቃል? እጄ ነዳጅ መስጫው ላይ የሚከብድ ሰው እንደሆንኩ፣ መታጠፊያ ላይ እንደ ጆንያ እንደምቀመጥ፣ ማንም አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ቢነግረኝም እጣላው ነበር። ለካ ያ ሁሉ ብረት ሲፈታና ሲታሰር፣ የሚታረመው ብረቱ ብቻ አልነበረም! ካልታጠፍኩባቸው ጊዜያት ስንቱ የብረቱ ጥፋት ነበር፣ ስንቱ የእኔ? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እሱን ብጠይቀው ደግሞ ተንበርክኮ ጥፍሩን መፋቅ ይጀምራል።

ማይቮር ታጠፈች። ልጡ የተገሸለጠውን በርች አልፋ ተመለሰች፤ እንደገና ታጠፈች። ከማዶ በረንዳ ላይ ሄልጌ ሁለት ክራንቾቹን እርስ በርስ ሲያጋጭ ድምፁ ሐይቁን አቋርጦ ይሰማ ነበር።

የከተማውን ፎቅ ሌላ ሰው ገብቶበታል። እኔ ግን ያለ ስም ቀረሁ። ዛሬ ታልትሬስክ ውስጥ ስኪውን የሚያስነካኝ ሰው የለም። ማደያ ላይ አንድ ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅ፣ በእግሩ እየሄደ እንኳ ቢሆን፣ «ጫማውን ኢቫር ነው ያሰረለት?» እያሉ ይስቃሉ። ቻልኩት። ለማን ልናገር?

ባለፈው ሳምንት ማይቮር የሄልጌን መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ቤቴ ገባ አለች። ቡና ቀዳሁላት፣ እንደ አገራችን ልማድ አይብ ቆርሳ ጨመረችበትና ጠጣች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የሚደርስ ቀጭን ጠባሳ አለ።

«ሄልጌን ከስኪው ሥር ስጎትተው የቆረጠኝ ነው፤» አለች። «ወፍራም ጓንት አድርጌ። ዱልዱም ብረት እንዲህ ይቆርጣል?»

«አውቀሽ ነበር?» አልኩ፤ ቡናው ትን አለኝ። «ከመጀመሪያው? ታዲያ ስሜ እንዲህ ሲጠፋ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተማ ትችለዋለህ፤» አለች እየሳቀች። ወዲያው ሳቋን ገታችና «ኢቫር፣ ሲክስተን ስለ ብረት ሲዋሽ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለች።

«ለንጉሡም አይዋሽ።»

«እኔም ሰምቼ አላውቅም። በዕድሜ ልኩ አንድ ጊዜ ዋሸ፣ እሱንም ለእኔ ብሎ። ታዲያ አልነዳም ብዬ ያንን የመሰለ ውሸት ሜዳ ላይ ልጣልበት?»

ከፈለግህ ይህን ታሪክ ጻፈው፣ ሲክስተን እንደሆነ ከስኪ ሆድ በቀር የሚያነበው የለም፣ አለችና ጓንቷን አጠለቀች። ሞተሯን አስነስታ ወደ ማዶ፣ ወደ ሄልጌ ሄደች።