አደራ ያልተባለበት ድንጋይ

ሲርበው የሚነጫነጭ ሰው አለ፤ ሲርበው የሚጸልይ አለ፤ ሲርበው ዝም ብሎ የሚተኛም አለ፣ እሱ ከሁሉም ብልህ ነው። እኔ ሲርበኝ የፕሮግራም ቋንቋ እጽፋለሁ። አትሳቁ። እናንተም እህላችሁን ማሳ ላይ ጥላችሁ ተሰዳችሁ፣ በዚያ የረሃብ ዘመን ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ላስቲክ ጣራ ሥር፣ ከአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ብትቀመጡ አንድ የማይረባ ነገር ላይ ሙጭጭ ማለታችሁ አይቀርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የተማረ ሞኝ ነኝ።

ቋንቋዬ «ሰሊጥ» ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት ኮሌጅ ሳስተምር ከመስኮቴ ይታየኝ በነበረው ማሳ ነው። የተጻፈውን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ፈጭቶ የሚያስቀምጥ ኮምፓይለር አለው፤ ፈጣን ነው፣ ጥቂት ይበላል፣ ለዘመኑ የሚስማማ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ጎደለው። ሥራዎች ሲበዙበት ተራ መለቃቀቅ አያውቁም። አንዱ ሥራ ከኔትዎርክ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ በሩ ላይ ተገትሮ ይውላል እንጂ ለሌላው ዞር አይልም። ለእያንዳንዱ የራሱን ጠባቂ ላቁምለት ብል ደግሞ የላፕቶፔ ሜሞሪ ከቤታችን የዱቄት ዕቃ አይሻልም። መፍትሔው ኮሩቲን ይባላል፦ ሥራውን መሐል ላይ አቁሞ፣ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጎ ዞር የሚል፣ ሲጠሩትም ካቆመበት የሚቀጥል የፕሮግራም ቁራጭ። ሌሎች ቋንቋዎች ካገኙት ቆይተዋል። አብሮኝ ሲያስተምር የነበረው፣ አሁን ካሳላ ያለው ጓደኛዬ ሰይፉ በስልክ ይነዘንዘኛል። «ያለ እሱ ሰሊጥ ቋንቋ አይባልም፣ መጫወቻ ነው» ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ አሰብኩበት። አልመጣልህ አለኝ እላችኋለሁ።

የመጣልኝ የዱራ ሰልፍ ላይ ነው። ዱራ ያው ማሽላ ነው፣ ሱዳን ስንገባ ስሙ ተቀየረ እንጂ። በወር አንድ ቀን ይታደላል፤ የዚያን ቀን ያልወሰደ እስከሚቀጥለው ወር ጦሙን ይጠብቃል። ካርዱ የተጻፈው በአባወራው ስም ስለሆነ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የቤታችን ዱቄት ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ባለቤቴ ወርቄ ጠዋት ስትሸኘኝ ሁለቱን ልጆች አቅፋ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ዛሬ እንኳ ሐሳብህን ሰብስብ።»

ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም የገዳሪፍ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይውልም፤ ድንጋይ ያስቀምጣል። ውሃ የሚቀዳው ይሄዳል፣ እንጨት የሚለቅመው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ተራ ይይዝለታል። ጎረቤታችን አያ ደሴማ ድንጋይ ቢያጡ አንድ እግር ጫማቸውን አስቀምጠው በሌላኛው እያነከሱ ሄዱ። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ከኋላ ያለው ሰው ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርግለታል፤ ተራው ሲቃረብም ባለቤቱን ይጣራል።

ይህን ሳይ ደርቄ ቀረሁ። የተሰለፈው መንደር ሙሉ ሰው፣ የቆመው ግን እፍኝ የማይሞላ! ኮሩቲን ማለት ይኼው አይደል እንዴ? አንድ ሥራ ሲቆም ሙሉ ጠባቂ መገተር ለምን ያስፈልጋል? የደረሰበትን መስመርና በእጁ የነበረችውን ጥቂት ነገር የምትይዝ ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጥ! ወዲያው ከመሬት አንድ ድንጋይ አነሳሁ፣ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ፣ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ወደ ሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂ ኑሩ በመጠለያው ጫፍ ሱቅ ያላቸው የጎንደር ነጋዴ ናቸው፤ ላፕቶፔን በሶላራቸው እሞላለሁ።

«ዛሬ የዱራ ቀን አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ድንጋይ አስቀምጫለሁ።»

«ታማም፣ ጥሩ» አሉና ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

ጻፍኩ። እንዴት ያለ መጻፍ መሰላችሁ! ረሃቤ ጠፋ፣ ፀሐዩ ጠፋ፣ እኔም ጠፋሁ። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ሥራ በሚቆምበት ቦታ ቆርጦ ድንጋይ እንዲያስቀምጥለት አደረግሁ። አንዲት ስህተት ሳያወጣብኝ አለፈ። ከዚያ ሁለት ሥራዎች አስነሳሁ። የመጀመሪያው ሮጠ፣ ቆመ፣ ድንጋዩን አስቀመጠ፣ ለሁለተኛው ለቀቀ። ሁለተኛውም ሮጠ፣ ቆመ፣ ድንጋዩን አስቀመጠ። ከዚያ ጸጥ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ሁለቱም በጨዋነት ቆመው ቀሩ። መቆሙን ጽፌያለሁ፤ የሚቀሰቅሳቸውን ግን አልጻፍኩም።

ማን ይቀሰቅሳቸው ኖሯል ብዬ ሳሰላስል አንድ ሌላ ጥያቄ ከሆዴ ተነሳ። እኔንስ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የሚለቀም እንኳ አላገኘሁም። ስደርስ ሰልፉ የለም፣ አዳዩ ሱዳናዊ ባዶ ጆንያ ያጥፋል። ካርዴን ዘረጋሁለት። ካርዱን አየ፣ ባዶውን መሬት አሳየኝ፣ «ኸላስ፣ ያ ኡስታዝ» አለኝ። አለቀ መምህር፣ ማለቱ ነው። በአክብሮት የተነገረ «አለቀ» ከስድብ ይብሳል።

ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት እትዬ እታገኝ ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

«እትዬ፣ ምነው ድንጋዬን ሳይገፉልኝ?»

«የቱን ድንጋይ?»

«እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን!»

«ውይ፣ እሱ ያንተ ኖሯል? ስትሮጥ ባይ ሆድህን የቆረጠህ መስሎኝ። ድንጋዩንም እንቅፋት ነው ብዬ ወዲያ አልኩት። ለመሆኑ ለማን አደራ ብለህ ሄድክ?»

ለካ ሰው ሁሉ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ከኋላው ወዳለው ዞሮ «አደራ» ይላል። ሲሉ ሰምቼ አልሰማሁም። ተራውን የሚጠብቀው ድንጋዩ መስሎኝ ነበር፤ ጠባቂው ግን አደራ የተባለው ሰው ነው። ኮምፒውተር ያልተማረ ሰው የማይሠራውን ስህተት ሠራሁ። የልጆቼ የወር እህል ሄደ። ወርቄ ፊት ባዶ እጄን ስቆም ታየኝና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ማልቀስ አማረኝ።

እትዬ እታገኝ የጆንያቸውን አፍ ፈቱ። «ሸሚዝህን አውልቅና ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። አንድ ጣሳ ሰፈሩልኝና አያ ደሴን ጠሩ። አያ ደሴ ደግሞ አንድ ጣሳ ሰፍረው የሚቀጥለውን ጠሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ እዚያ ግን ሎሚ የተረፈው ማንም አልነበረም፣ ከየልጆቻቸው አፍ ነው የቀነሱልኝ። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔን የዱራው ብናኝ አስነጠሰኝ።

ግማሽ እርቃኔን፣ ሸሚዝ ሙሉ ዱራ ተሸክሜ ቤት ገባሁ። ለወርቄ ሁሉንም ነገርኳት፣ ኮሩቲኑን ጭምር። ኮሩቲኑ ላይ ስደርስ ማዳመጥ ተወች። ሸሚዙን አንስታ በእጇ መዘነችው። «ከወትሮው አይተናነስም» አለች። ቀጥላ እጇን ዘረጋች፦ «ካርዱን አምጣ።»

በማግስቱ ሰሊጥ ላይ አንድ ሕግ ጨመርኩ። ማንኛውም ሥራ መሐል ላይ ሲቆም የሚቀሰቅሰውን በስም ይጠራል፤ ካልጠራ ኮምፓይለሩ «ለማን አደራ አልክ?» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሥራዎቼ ተቀሰቀሱ፣ ተራ ተለቃቀቁ፣ ጨረሱ። ሰይፉ ደስ አለው፣ ሕጉ ግን ጠበቀበት። «አንዳንድ ሥራ ሲቆም የሚቀሰቅሰውን ገና ላያውቅ ይችላል፤ አላላው» ብሎ ጻፈልኝ። ግራ ሲገባኝ ነገሩን በሰልፍ እየመሰልኩ ለእትዬ እታገኝ አስረዳኋቸው። «ካላወቀማ ምን አስኬደው?» አሉ። ይህንኑ ከነስማቸው ለሰይፉ ላክሁለት። ሦስት ቀን ቆይቶ ተስማማ፤ ሴትዮዋ የት ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምሩም ጠየቀኝ።

በሚቀጥለው ወር የዱራ ቀን ወርቄ ካርዱን ይዛ ወጣች፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ቀረሁ። ወደ ሰልፉ ከመሄዷ በፊት ጎረቤት ጎራ ብላ ስታንሾካሹክ ይሰማኛል።

«ልጆቹን ከአባታቸው ጋር ትቻቸው ነው» ትላለች። «አደራ!»