ፒካፕ ላይ የተተከለው ድንኳን

ስለ ጫካ አብዝቶ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ፣ ጫካ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ጫካ የሚኖር ሰው ስለ ጫካ ምን ያወራል? እንጨቱን ለቅሞ፣ ጅቡን ሰድቦ ወደ ቤቱ ይገባል። የሚያወራው እንደ እኔ ያለው ነው፤ ፒያሳ ተወልዶ፣ ፒያሳ አድጎ፣ መነጽር ቤት ተቀምጦ የሰው ዓይን ሲለካ ሃምሳን የተሻገረው። እኔ ጭቃ የማውቀው ታክሲ መውረጃ ላይ ነው። እሱንም ሊስትሮ እስካገኝ ድረስ ብቻ ነው የምታገሠው።

ታዲያ ምን ነካኝ? አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ አየሁ። ፒካፕ መኪናው ጀርባ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንቁላል ይጠብሳል። ቤት አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱን ቆልፎ ነው የመጣው! እኛ ቤት እናገኛለን ብለን ዕጣ ስንጠብቅ እናረጃለን፣ እሱ ያለውን ቤት ትቶ ሜዳ ያድራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው ብዬ ሳቅኩበት። በወሩ አሮጌ ፒካፕ ገዛሁ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባል የለ? ሰፈሬም ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ይሄን ተረት ማን ላይ አይተው እንደተረቱት አሁን ገባኝ።

መኪናዋን ሸምሱ የሚባል ጋራዥ ያለው ወዳጄ ዘንድ ወሰድኳት። ሸምሱ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። የት ልትሄድባት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ፣ አልኩት። ሰሜን ተራሮች፣ አልኩት። ደግሞ እትዬ ዘነበች ዘንድ፣ አልኩት። የት ናቸው እሳቸው ቢለኝ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ናቸው፣ መንገዱ ጭቃ ነው አሉ፣ መኪናዋ ስታልቅ እሄዳለሁ አልኩት። ሸምሱ አየኝና፣ እዚያስ አውቶብስ የለም ወይ አለኝ። እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም።

እትዬ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። እናቴ ስትሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያበሉኝ፣ የገረፉኝ፣ የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር ቤታቸው። ያ ወገን ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። የእኔ ቤት ከመንገዱ ወዲህ ስለሆነ ተረፈ። እትዬ ዘነበችን የጫነው መኪና ሲነሳ «በሳምንቱ እመጣለሁ» ብያቸው ነበር። ይኸው ሁለተኛ ክረምት ሆነ፣ ሳምንቱ አልሞላም።

መኪናዋ ግን ቀጠለች። ሸምሱ ባሌስትራውን ደራርቦ ከፍ አደረጋት፤ እሷ ከፍ ስትል እኔ አጠርኩና ጋቢና ለመግባት በርጩማ ያስፈልገኝ ጀመር። ጎማዋ የትራክተር ጎማ አከለ። ወንዝ ስትሻገር እንዳትታፈን የአየር መሳቢያዋ እስከ ጣራዋ ወጣ። አራት ፓውዛ ተገጠመላት። ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ፖርቶመጋላ የሚሉትን የብረት መደርደሪያ አቆመላትና፣ ድንኳኑ እሱ ላይ እንዲተከል የሚታጠፍ የእንጨት ማቀፊያ ሠራ። የጎደለው ድንኳኑ ብቻ ነበር። ድንኳን ደግሞ የእኔ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ እንድትታዘቡኝ እፈቅዳለሁ። ድንኳኑ የእድራችን ነው። ሰፈሩ ሲበተን ድስቱንም ወንበሩንም ተካፍለው ሲሄዱ፣ «አንተ እዚሁ ቀሪ ነህ» ብለው ድንኳኑን እኔ ዘንድ አስቀመጡት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተብሎ ተረከብኩ። አባቴ የተለቀሰው እዚያ ድንኳን ሥር ነው። እናቴም እንደዚሁ። ሸራ ሰፊው ዘንድ ወስጄ ቆርጠህ አሳጥርልኝ ስለው፣ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ይሄ የለቅሶ ድንኳን ነው፣ ሰው ይተኛበታል እንዴ አለኝ። ሸራ ሸራ ነው አልኩት። በስንት ልመና ቆረጠው፤ የእድሩ ስም የተጻፈበትን ጎን ግን አልነካም ብሎ ማለ። ስሙ በነጭ ቀለም እንደተጻፈ ቀረ።

በነሐሴ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ባለቤቴ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ልሞክረው ተነሳሁ። ግቢዬ ስለማይበቃ መንገዱን ተሻግሬ ሰፈሩ የነበረበት ባዶ ሜዳ ላይ አቆምኳት። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳውን ሞልቶታል። አንድ ያልፈረሰ የበር መቃን ብቻውን ቆሟል፤ ቤት የለው፣ ግድግዳ የለው፣ በር ብቻ። ከወዲህም ከወዲያም ያው ጉም ነው። እውነቴን ነው፣ በዚያ በር መሐል ማለፍ ፈርቼ ዞሬ አለፍኩ። ድንኳኑን ተከልኩ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ገባሁ፣ የፈረንጁን ተራራ እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የዱር አውሬ መሰለኝና ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን አውሬው «ወይኔ! ወይኔ ጎረቤቴ!» ማለት ጀመረ።

በሸራው ቀዳዳ አየሁ። ጉሙ አልተነሳም። በጉሙ ውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተራርቀው ቆመዋል። ለምን ተሰብስበው እንዳልቆሙ ግራ ገባኝ። ከዚያ ልብ አልኩ። ሁሉም የቆሙት ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ማንም እዚህ ቁሙ ብሎ አላዘዛቸውም፤ እግራቸው ነው የወሰዳቸው። የፈረሰው ሰፈር ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። ሃምሳ ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር እንደዚያ ቀን ፈርቼው አላውቅም።

ራሴን አውጥቼ ስታይ አንዷ ጮኸች። ጋቢ የተከናነበ ሰው ከለቅሶ ድንኳን ሲወጣ ምን ታድርግ? የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ዳምጠው ግን አልጮኹም። አርባ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ስም ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ ምን ያስደነግጣቸዋል? ቀረብ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ማነው ብለው ጠየቁኝ። ማን ማነው ብላቸው፣ የሞተው ነዋ ልጄ፣ አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ዳምጠው ለቅዳሴ ሲመጡ በታክሲ መስኮት መንገዱ ዳር የቆመውን ድንኳን አይተዋል። ስሙን አንብበዋል። ከታክሲው ሳይወርዱ በስልክ ለአንዱ «ድንኳኑ ቆሟል» ብለዋል። ያ አንዱ ለሌላው። ሰው ሁሉ ከየኮንዶሚኒየሙ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። በሠርግ እንኳ ሁለት ሰዓት አርፍዶ የሚመጣ ሕዝብ እኮ ነው!

ማንም አልሞተም፣ አልኩ። ይሄ የዕለቱ ትልቁ ስህተቴ ነበር። በአገራችን ሰው ሞቶ «ሞተ» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ባለጌ ነው። መርዶ ወግ አለው፤ «ትንሽ አሟት ነው»፣ «ደህና ነው፣ ብቻ ና» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ማንም አልሞተም» ያለ ሰው የቅርብ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። ይህን እንዳልኩ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ድንኳኑን ለሽርሽር ነው የተከልኩት ብዬ ብምል ደግሞ፣ አይዞህ፣ ኀዘን እንዲህ ያደርጋል ብለው ጋቢዬን አስተካከሉልኝ።

ጋሽ ዳምጠው እስቲ እንቆጣጠር አሉ። ከአሮጌው እድር የቀረነው አሥራ አምስት ነን። በስም ጠሩን፤ በእያንዳንዱ ስም «አለሁ» እየተባለ። ያ ጥሪ በጉም ውስጥ ሲሰማ እንዴት እንደሚያስፈራ አትጠይቁኝ። አሥራ አራት ላይ ቆመ። «ዘነበች!» አሉ ጋሽ ዳምጠው። መልስ የለም። «ዘነበች!» አሉ ደግመው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ስልካቸው ላይ ደወልን። ያቺ ሁልጊዜ የምትመልሰው የስልክ ሴትዮ፣ የደወልንላቸው ሰው አይገኙም አለች። አሥሬ ደወልን፣ አሥሬ አይገኙም አለች። እንደዚያ ቀን መርዶ ነጋሪ ሆና ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን ወደ መኪናዋ እግር እያመለከተች አለቀሰች። የኋላው ጎማ የቆመው የእትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ነው፤ ያች የሲሚንቶ ደረጃቸው ከነስንጥቋ ጎማው ሥር ናት። እኔ ጉም ውስጥ ዝም ብዬ ነው ያቆምኩት። ዝም ብዬ ነው ወይ? አላውቅም።

ማንም እንዳልሞተ ከዓለም የማውቀው እኔ አንድ ሰው ነኝ። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ግን ማመን ጀመርኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ አልጠየቅኳቸውም፤ ቢሞቱ ማን ይነግረኛል? አንገቴ ላይ የሞት ላብ ወረደኝ። «ውጡ፣ እንሂድ» አልኩ።

ድንኳኑን ላጥፍ ብል ማቀፊያው በዝናቡ አብጦ እምቢ አለ። ስለዚህ እንደቆመ ሄድን። ጋሽ ዳምጠው ጡሩንባቸውን ይዘው ከጎኔ፣ የቀሩት ከኋላ፣ ድንኳኑ ከላያቸው። የለቅሶ ድንኳን በአራት ኪሎ በኩል ሲያልፍ አስቡት! ሰው ጭነሃል ብሎ ይቀጣኛል ያልኩት ትራፊክ ፖሊስ ቆብ አውልቆ መንገዱን ከፈተልኝ። የታክሲ ረዳት ዘፈን አስጠፋ። የመንገድ ዳር ሽማግሌዎች ተነስተው ቆሙ። ማንም ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀንም፤ ሁሉም የሚያውቁ ይመስላሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አስፋልቱ አለቀ። ፈረንጁ ያሳየኝ ዓይነት መንገድ መጣ፦ ጭቃ፣ ጉድጓድ፣ መሐሉ ላይ የወንዝ ያህል ውሃ። ሸምሱ ይባረክ፣ መኪናዋ አንድ ጊዜም አልተንገዳገደችም። ስመኘው የኖርኩትን መንገድ እየነዳሁ ዕንባዬ መሪው ላይ ይወርዳል። ይሄን ያህል ብረት የተበየደው፣ በአውቶብስ ሊደረስበት ለሚችል ቦታ ነው።

ደረስን። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጉሙ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የእሳቸው የትኛው ነው? እኔ አላውቅም። ጋሽ ዳምጠው አያውቁም። አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖሩ ጎረቤቶቻቸው አንዳቸውም ቁጥሩን አያውቁም። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ያን ጊዜ ጋሽ ዳምጠው ወርደው ጡሩንባቸውን ነፉ።

በየፎቁ መስኮት ተከፈተ። የማናውቃቸው ፊቶች ወጡ፣ አዩን፣ ገቡ። ደግመው ነፉ። ከዚያ ከአንዱ ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ቀስ ያለ የነጠላ ጫማ ድምፅ መውረድ ጀመረ። እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። ያን ጡሩንባ እንዴት ያጡታል?

ተንጋግተን ሄደን አንገታቸው ላይ ተጠመጠምን። እኔ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ በደስታ መሆኑን ግን ማን ያውቅልኛል? እሳቸው ግን ቀዝቅዘው ማን ነው አሉ። ማንም አልሞተም እትዬ፣ አልኩ። አትደብቁኝ፣ አሉ። በእመቤቴ ማንም፣ አልኩ። ሰው ሳይሞት እናንተ እኔ ዘንድ ትመጣላችሁ እንዴ፣ አሉኝ።

አላመኑኝም። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው በጣታቸው ቆጠሩን። በየስማችን እየጠሩ፣ ፊታችንን በእጃቸው እየዳበሱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አራት ላይ ጣታቸው ቆመ። የጎደለ የለም። ድንኳኑን አዩ። ስሙን አዩ። ጡሩንባውን አዩ። መልሰው ሁላችንንም አዩን፤ አንድ ቀን እንኳ መጥተን የማናውቀው ሁላችንም ተሟልተን፣ አልቅሰን፣ ነጠላ አዘቅዝቀን ቆመናል። ከዚያ እትዬ ዘነበች እጄን ያዙና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ይመስል ጠየቁኝ፦

«ታዬ ልጄ፣ እንግዲያው የሞትኩት እኔ ነኛ?»