ቆዳዬን በልቼ ስጠነክር

ትናንት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ምሳ አብልታ ስታስተኛ፣ እኔም ጋደም ብዬ ነበርና ሕልም አየሁ።

በሕልሜ መስታወት ሣጥን ውስጥ ነኝ። ሸርጣኖቼ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በእውኑ እንዲህ አይደለም። አንድ ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣልኝን አራት ሸርጣኖች፣ እነዚያን የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩትን፣ በሣጥን የማሳድገው እኔ ነኝ። አሸዋቸውን የማረጥበው፣ ጨው ያለውንና የሌለውን ውሃ በሁለት ሳህን የማቀርበው፣ ሲያድጉ ሰፋ ያለ ዛጎል የምፈልግላቸው እኔው ነኝ። በሕልሜ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ትልቋ፣ ዘርፌ ብዬ ስም ያወጣሁላት፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና፣ "ሰውዬው መብላት አቁሟል። ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ አሸዋ አልብሱት" አለች።

አለበሱኝ። አሸዋው እንደ ውሃ አሳልፎ ያሳያል። ላይ ከተማው እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል፤ ብቻ ሰው ሁሉ ቤቱን በጀርባው አዝሎ ነው የሚሄደው። የቀበሌ ሹሞች ጠረጴዛቸውን ተሸክመው የባለጉዳይ ደጅ ላይ ተሰልፈዋል፤ ዛሬ ይፈርሙልን እንደሆነ ብለው ይለማመጣሉ። ባለጉዳዩ ሻዩን ፉት እያለ ነገ ተመለሱ ይላቸዋል። አንጀቴ ራሰ።

ከዚያ ቆዳዬ ከጀርባዬ ተሰንጥቆ ወለቀ። ገላዬ እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ሆነ። ሸርጣን ያሳደገ ሰው ያውቃል፤ ሸርጣን ያወለቀውን ቆዳ ራሱ ካልበላ አይጠነክርም፣ በዚያን ጊዜ የነካካውም ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ መብላት ጀመርኩ። ክርኑን ስነክስ፣ የጋራዥ አለቃዬ በሠራተኛ ፊት "አንተ ማይም" ያለኝን ቀን ቀመስኩ። ትከሻው ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ አጥናፉ ነበር። እሱ እንዲማር ብዬ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩለት፣ ዲግሪውን ሲቀበል ፎቶው ውስጥ እንዳልገባ ካሜራውን ያስያዘኝ አጥናፉ። ጨው በዝቶበታል፤ ቢሆንም ዋጥኩት። በየጉርሻው ክንዴ ጠጠር ይል ጀመር።

ግማሹ ላይ ስደርስ ራሱ አጥናፉ መጣ። በሕልሜ የሸርጣኖቹ አሽከር ነው። አፍንጫውን ይዞ፣ ይሄኛው ሞቷል እትዬ ዘርፌ፣ ቆዳውንም እሱንም አውጥቼ ልጣለው አላትና አካፋውን አነሳ። ልጮህ ስል ድምፄ ገና አልጠነከረም።

ዘርፌ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ።

"የሞተ ሸርጣን ዓሣ ዓሣ ነው የሚሸተው" አለች። "ይሄ ቂም ቂም ነው የሚለው። በሕይወት አለ።"

"ቆዳውንስ?"

"ቆዳውን ከነካህ አንተን ነው የምቀብርህ።"

አካፋውን አስቀመጠ። እኔ ቆዳውን ጥፍሩ ሳይቀር በልቼ ጨረስኩ። ጠንክሬ፣ ገዝፌ፣ አሸዋውን ንጄ ወጣሁ።

ያኔ ለዛጎል ለውጥ ተሰለፍን። ወጉ ቀላል ነው፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ በቁመና ትሰለፋለህ፣ ትልቁ ወደ ሰፊው ይገባል፣ ተከታዩ እሱ የለቀቀውን ይወርሳል። አማላጅ የለ፣ ማኅተም የለ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰፊ ዛጎል ከዚራ ሰፈር ያለው የአባታችን ቤት ነበር፤ አጥናፉ በወረቀት ብልጠት በስሙ አዙሮ፣ እኔን ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ያስገባበት። ከውስጥ አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ፣ እኔስ?"

"የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት" አልኩት። "በልክህ ናት።"

ራቁቱን ወጣ። ጅራት አለው ለካ፣ ለስላሳ፣ ጥቅልል ያለ። አልሳቅኩበትም። ፊቴን አዙሬ፣ እንደ ደንቡ፣ የኋሊት ወደ አባቴ ቤት መግባት ጀመርኩ። ወገቤ ገባ። ትከሻዬ ገባ። ልክክ አለ።

ነቃሁ። አልጋዬ ሥር አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሜትር ዘርግቶ ተንበርክኳል። አጥናፉ በሩ ላይ ቆሞ ሰውዬው የሚነግረውን ቁጥር ይጽፋል።

"ተኛ ጋሼ፣ አትነሳ" አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ። "ተከራዩ የክፍሏን ስፋት ልይ ብሎ ነው። መለካት የቀረን አንተ የተኛህባት ብቻ ናት።"