ድሃ ለመባል ያልበቃችው እናት

ድህነት እንደ ቀልድ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ድሃ ነኝ ያለ ሁሉ ድሃ ከተባለ ሥርዓት የሚባለው ነገር የት ሊገኝ ነው? ይህን በጥልቀት የተገነዘበው መሥሪያ ቤታችን ለእናቶችና ለሕፃናት የነፃ ሕክምና መድን ካርድ ማደል ከመጀመሩ በፊት፣ ካርዱ እውነተኛ ድሃ እጅ መግባቱን የሚከታተል የድህነት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው ፀሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደተመረጥኩ አላውቅም፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብለው ነው አሉ።

ሰብሳቢያችን ቀደም ሲል የመኪና መለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዕቃ በዓይን አይቶ የመገመት ተሰጥኦዋቸውን እንደያዙ ወደ እናቶች ጤና ተዛወሩ። ሌላው አባል የእናቶች ተወካይ ናቸው። ትክክለኛዋ ተወካይ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆኑ በምትካቸው ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሰውየው ስለ እናትነት ብዙም ባይናገሩም ለጉዳዩ ቅርበት አላቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ሲያለቅስ ስለሚያድር ስብሰባ ላይ ይተኛሉ።

የአሠራራችን ምሰሶ «የዓይን ምስክርነት» ይባላል። አመልካቹ ቤት እንሄዳለን፤ ያየነውን እንጽፋለን፤ የጻፍነውን እናምናለን። አመልካቹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ግን አንሰማም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ያዳላል። ነርስ ጻፈች፣ ጎረቤት መሰከረ የሚባል ነገርም የለም፤ እነሱም ቢሆኑ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ከገበያው ጀርባ ካለው ሰፈር አንዲት ነፍሰ ጡር አመለከተች። ሰው ቤት እየዞረች ልብስ አጥባ የምታድር ናት። ባሏ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ሥራ ወዳለበት ሄዷል። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ውስጥ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ እሷ ለጥቂት ተረፈች፣ ልጁ ግን አልተረፈም። አሁን የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ «ይኼኛውን ቤት እወልዳለሁ እንዳትዪ፣ አደራ!» ብላታለች። ጤና ጣቢያው ደግሞ ወይ ካርድ ወይ ክፍያ ካላየ አያስተኛም። ማመልከቻዋን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማመልከቻ ግን የዓይን ምስክርነት ውስጥ አይካተትም።

ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጣ ተነገራት። አጣቢዋም ከባድ ስህተት ሠራች። እንግዳ ሊመጣብኝ ነው ብላ አሰበች።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ እያለ ወደሚጠራቸው ጎረቤቷ ነው የሮጠችው።

«እትዬ፣ ጉዴ ፈላ! ትልልቅ ሰዎች ሊመጡብኝ ነው። ምን ላይ ላስቀምጣቸው?»

«ታዲያ እኔ ሞቻለሁ? ሶፋዬን ውሰጂ።»

«ሶፋውን እትዬ?»

«አዎ ሶፋውን! ሰው ቤትሽ መጥቶ ቆሞ ይሂድ? ሰፈራችንን ልታሰድቢ ነው እንዴ?»

ሰፈሩ ላለመሰደብ ቆርጦ ተነሣ። የእትዬን ሶፋ አራት ጎረምሳ ተሸክሞ አስገባው። ልብስ ሰፊው መጋረጃውን አውልቆ ላከ። ጡረተኛው የመቶ አለቃ ቴሌቪዥናቸውን በእቅፋቸው ይዘው መጡ፤ መሥራት ካቆመ ቢቆይም ዳንቴል ሲለብስ ግርማ ሞገስ አለው። ገና ትናንት የተዳረችው ሙሽራ ከነስጦታ ካርቶናቸው ያልወጡ ብርጭቆዎቿን ሰጠች። አጣቢዋም ወለሉን እስኪያበራ አጠበችው፤ ሙያዋ ነው።

ሐሙስ ደረስን። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችን። ሰብሳቢው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ እስከ ወገባቸው ሰመጡ። የእናቶች ተወካይ ጎናቸው ሰመጡና ወዲያው አንቀላፉ። ሻይ በሙሽራዋ ብርጭቆ ቀረበ። ሰብሳቢው መጋረጃውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ብርጭቆውን በየተራ አዩ። በዚህ ጊዜ ነው አጣቢዋ ነገሩ የገባት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሁሉም የሰው ዕቃ ነው...»

«እህቴ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥሽ» አሉ ሰብሳቢው፣ ሻይ ፉት ብለው። «አመልካች መናገር አይፈቀድለትም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሶፋው የእትዬ ነው፤ እነሆ በር ላይ ቆመዋል፣ ይጠየቁ!»

«ምስክርም አንሰማም። እኛ የምንሰማው ዓይናችንን ነው።»

ስንመለስ ሰብሳቢው ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ ተነፈሱ። «እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ሶፋ የለም» አሉ። ቅሬታቸው ከልብ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ አመልካቿ «የተደላደለ ኑሮ የምትኖር፣ የድሃውን ካርድ ልትሻማ የሞከረች» ተብላ ተመዘገበች።

ጨካኞች ስላልሆንን ይግባኝ አለን። አጣቢዋ ይግባኝ አለች፤ ሆዷ ግን ይግባኛችንን የሚጠብቅ አልነበረም፣ ወሯ ገብቷል። ሰፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰበ። እትዬም «ለካ የሚወዱት ባዶ ቤት ነው! እናሳያቸዋለና!» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሶፋው ወጣ፣ መጋረጃው ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወጣ። ነገሩ እንዳይበላሽ ተብሎም የራሷ አልጋ ወጣ። ድስቷ ወጣ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ሳይቀር እትዬ አልጋ ሥር ገባ።

በድጋሚ ስንሄድ አራት ግድግዳና መሐሉ ላይ የቆመች እርጉዝ አገኘን። ሰብሳቢው ክፍሉን ዞሩት። ለመዞርም ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«እዚህ ሰው ይኖራል?» አሉ።

«እኔ አለሁ ጋሼ።»

«መናገር አይፈቀድም! ፀሐፊ፣ ጻፍ። ቤቱ ማንም የማይኖርበት ባዶ ክፍል ሆኖ ተገኝቷል።»

«ሰው ቆሞ የለም እንዴ?» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«እሷማ ክፍል ልትከራይ ፈልጋ ለማየት መጥታ ይሆናል። አመልካቿማ ሶፋዋን ይዛ የተሻለ ሰፈር ገብታለች፤ ያን የመሰለ ሶፋ ያላት ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?»

እትዬ ከበር ላይ ጮኹ። «ወይ ጉድ! ሲሞላ ሀብታም፣ ሲጎድል የለችም! ኧረ ልኩን ንገሩን ጋሼ፤ አንድ የእንጨት ዱካ ብናስቀምጥላችሁስ?»

ሰብሳቢው በጥያቄው ደስ አላቸው። «ጥሩ ሐሳብ ነው እናቴ። የዱካውን ጉዳይ የሚመለከት መመሪያ በረቂቅ ደረጃ ላይ ይገኛል።»

ስወጣ ዞር ብዬ አየኋት። ባዶው ቤት ውስጥ የምትቀመጥበት አጥታ ግድግዳውን ተደግፋለች። አለቀሰች ብል እዋሻለሁ፤ ደክሟት ነበር። እኔ ግን አፈርኩ፣ እንደዚያም ሆኖ ብዕሬን ይዤ ሰብሳቢውን ተከተልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን «ማንም እናት በድህነቷ ምክንያት ከሕክምና ደጅ አትመለስም» የሚል ታላቅ የምክክር ቀን አዘጋጀ። አዳራሹ እንዲሞላ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ ተጠሩ። አዋላጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ስታጨበጭብ በካሜራ እንድትታይ ነው። የማዋለጃ መሣሪያና መድኃኒቱም ከጤና ጣቢያው ተነቅሎ መጥቶ ለእንግዶች እይታ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። በላዩ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ «የእናቶች ሕክምና ለሁሉም እንዲዳረስ ለመመካከር ስለሄድን ዛሬ የእናቶች ሕክምና የለም።»

አጣቢዋን ምጥ የያዛት በዚያው ጠዋት ነው። እትዬ ደግፈው ጤና ጣቢያው በር አደረሷት። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ።

«ሁሉም አዳራሽ ናቸው እናቴ።»

«አዋላጇስ?»

«እሷማ እያጨበጨበች ነው።»

«እንግዲያው እኛም እንሰብሰባ!» አሉ እትዬ፣ አጣቢዋን ብብቷ ሥር ገብተው እየደገፉ። አዳራሹ ከመንገዱ ማዶ ነው።

ሰብሳቢያችን በዚያን ሰዓት ንግግራቸው መካከል ላይ ነበሩ። «ክቡራትና ክቡራን! እናት ስንል ምን ማለታችን ነው? እናት ስንል፣ በመሠረቱ፣ እናት ማለታችን ነው!» ጭብጨባው ገና ሳያልቅ በሩ ተበረገደ።

«አዋላጇ የታለች?» አሉ እትዬ።

«እናቴ፣ ጥያቄና አስተያየት መጨረሻ ላይ ነው» አሉ ሰብሳቢው በማይክሮፎኑ።

«ይሄ መጨረሻ ድረስ የሚቆይ አስተያየት አይደለም ጋሼ!»

አዋላጇ ጭብጨባዋን አቋርጣ ብድግ አለች። አጣቢዋን ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ አስገቧት። «ንጹሕ ጨርቅ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ልብስ ከነላስቲክ አበባው ተገፍፎ ሄደ። «ሙቅ ውኃ!» የእናቶች ተወካይ ባነኑና የሻዩን ውኃ ከነማሰሮው ተሸክመው ሮጡ። ለጉዳዩ ቅርበት እንዳላቸው ያን ቀን አመንኩ። ሰብሳቢው ንግግራቸውን ቀጥለዋል። ትንፋሽ ሊወስዱ ባቆሙ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ ጩኸት ይሰማል፣ ተሰብሳቢውም ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ይገባዋል።

ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዳራሹ ማንም ምልክት ሳይሰጠው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወዲያው ግን አዋላጇ እጇን ደም ነክቶት ብቅ አለች። «መርፌው! የደም ማቆሚያው መርፌ!» አለች። መርፌው ያለው ለእይታ በቀረበው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወደዚያ ስሮጥ አንድ ጥበቃ ማስታወቂያውን በጣቱ እያሳየ ፊቴ ቆመ። ገፍትሬው አለፍኩ። በሕይወቴ ሰው ገፍትሬ አላውቅም፤ መርፌውን ግን አደረስኩ። ደሙ ቆመ። እትዬ ጉንጬን ሳሙኝ፣ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ነገሩ ሲረጋጋ አዋላጇ ሰብሳቢውን ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ተርፋለች፤ ግን ክትትል ትፈልጋለች። ልጅቷም ክትባት አለባት። አሁኑኑ ካርዱን ስጧት።»

«በስሜት አንወስንም» አሉ ሰብሳቢው። «ግን አስቸኳይ ስብሰባ እንጠራለን።»

እዚያው መጋረጃው ጀርባ ቆመን ተሰበሰብን። ሰብሳቢው በመጀመሪያ አዲሷን አመልካች በዓይናቸው መረመሩ። ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ፣ በክብር እንግዶች ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። በላይዋ ማራገቢያ ይዞራል። የጤና ባለሙያዎች ከበዋታል። ካሜራ ያነሳታል።

«ፀሐፊ፣ ጻፍ» አሉ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ሕፃኗ በተገኘችበት መኖሪያ ምንም ዓይነት የድህነት ምልክት አልታየባትም።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እኮ ወደ ቤቴ ነው ይዣት የምገባው» አለች አጣቢዋ ከተኛችበት።

«እህቴ፣ አትድከሚ፣ መናገርም አይፈቀድልሽም። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«የእናትየዋስ ጉዳይ?» አልኩ።

ሰብሳቢው አሰቡ። ሲያስቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በእኛ አሠራር አደገኛ ልማድ ነው። ሲገልጡት ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እሷማ ከእንግዲህ ምን ትሆናለች? አቅም ያላት ልጅ ወልዳለች» አሉ። «ጻፍ። አመልካቿ ጧሪ ያላት በመሆኑ ጥያቄዋ ውድቅ ተደርጓል።»

ጻፍኩ። ጧሪዋ ነጩን ጨርቅ በእግሯ እየገፋች ጡት ፍለጋ አፏን ታነቃንቅ ነበር።