ሳንባችንን አስይዘን

አማርኛችን ለወሬ ስም ማውጣት ላይ አይሰስትም። ጨዋታ አለ፣ ወግ አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ አሽሙር አለ፤ እንደ ሾላ ገበያ በርበሬ እያንዳንዱ የሚያቃጥልበት ልክ አለው። ተረብን የመገናኛ ወጣቶች «ሙድ መያዝ» ይሉታል፤ የእንጦጦ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ቆሳ»። እኔ ግን የማውቀው ባስከፈለኝ ነው።

ዲግሪዬን ይዤ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት፣ አለቃችን ስለ ሰዓት ማክበር ግማሽ ቀን ሲያወሩ፣ «እንግዲያው የምሳ ሰዓታችንንም ያክብሩልን» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችንም ሳቁ። ሳቁ የሁላችን ነበር፤ ቅጣቱ ግን የእኔ ብቻ። የእኔ ነው ሲባል የኖረው ሹመት ለሌላ ተሰጠ፤ ያውም ከሁሉ አብልጦ ለሳቀው! ዓመታት አልፈዋል። አልረሳሁም፤ ለመርሳትም አላሰብኩም።

ባለፈው ሰሞን ለእህቴ ልጅ ለዳዊት ሽምግልና ተላክን። አንዲት የእንጦጦ ልጅ ወዶ «እሷ ካልሆነች አላገባም» ብሏል። ሽማግሌዎቹ አንዴ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ እኔ የተጨመርኩት ቁጥር ለመሙላት ነው። መሪያችን ጋሽ ተፈራ አስጠነቀቁኝ፦ «አፍህ ሹመትህን በልቷል፤ የልጁን ሚስት እንዳይደግም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!»

የልጅቷ አባት የኦቦ ቶሎሳ ቤት ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ ዳገቱ ላይ ነው። እያለከለክን ገብተን ስንቀመጥ ገርመም አደረጉንና፣ «ልጅ ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት ወይስ ሳንባ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ተፈራ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እናንተ ብትሆኑ ትችሉ ነበር? እኔ አልቻልኩም።

«ሳንባችንንማ ዳገቱ ላይ አስይዘን ነው የመጣነው፤ ልጅቷን ሲሰጡን እናስለቅቃለን።»

ጋሽ ተፈራ በከዘራቸው እግሬን ወጉኝ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ።

«ይኸው ሰው መጣ! በቀደም አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ ልጄን ለቅሶ ቤት ልድራት ነው እንዴ ብዬ ነው የመለስኳቸው። እሷ ቆሳ ካላገኘች እህል አይወርድላትም። ልጁስ እንዳንተ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከጓዳ የልጅቷ ሳል ተሰማ።

«ይብሳል» አልኩ።

ልጅቷ ተፈቀደች። ዳዊት ከተወለደ ጀምሮ ከአፉ ተረብ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁን ከሥራ ስንወጣ አስጠናዋለሁ። ትናንት እንደ ምንም ብሎ መላጣዬ ላይ አንዲት ተረብ ወረወረ። ደህና ነበረች። ወዲያው ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።