የአዛዡ ሳጥን

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። የተሰነጠቀ ባልዲ በላስቲክ አጣብቆ «ከአዲሱ ይበልጣል» የሚል፣ የእጅ ሰዓቱ ቢቆም ሰዓቱን ሳይሆን ጊዜውን የሚጠራጠር፣ «ተበላሽቷል» የምትለውን ቃል ዕድሜ ልኩን ላይናገር የማለ ወንድ። ሴትም አትጠፋ ይሆናል፤ ለፀጉር ሠሪዋ የደረሳት ግን ወንዱ ነው።

ባሏ የሚሠራው በአውቶብስ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮፎን አውቶብስ ሲያዝዝ ስለሚውል «አዛዡ» ትለዋለች። ስትናደድ ደግሞ «ክቡር አዛዥ» ትለውና ወደ አንቱታ ትሻገራለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከአንቱታው ወርዳ አታውቅም።

ያናደዳት ሳጥን ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፣ ግራጫ የብረት ሳጥን ተሰቅሏል። አዛዡ በወጣትነቱ ከሩቅ አስመጥቶ በገዛ እጁ የገጠመው ነው። ከሳጥኑ የወጡት ሽቦዎች በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ሄደው መብራቱን፣ መጋረጃውንና የውጭውን በር ይይዛሉ፤ ሁሉም የሚታዘዘው በአንድ ሪሞት ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር በሰፈሩ አልነበረምና ሰው እየመጣ በአድናቆት ያይ ነበር። አሁንም ሰው ቢመጣ ያያል፤ በአድናቆት ግን አይደለም።

የኩሽናውን መብራት የፈለገ «በረንዳ» የሚለውን ቁልፍ መጫን አለበት። «ኩሽና» የሚለውን የተጫነ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ይከፍታል። የሳሎኑ መብራት የሚበራው ሪሞቱ ወደ ጣሪያ ተቀስሮ፣ አውራ ጣት ጠንከር ብሎ፣ ትንሽ ልመናም ታክሎበት ነው። የግድግዳ ማብሪያዎቹንማ አዛዡ ያኔውኑ ነቅሎ በልስን ደፍኗቸዋል።

ፀጉር ሠሪዋ ቆማ ውላ፣ እግሯ እንደ እንጨት ደርቆ ቤት ትገባለች። መብራቱ እምቢ ይላል። ባሏ ሥራ ቦታ ትደውላለች።

«መብራቱ እምቢ አለኝ።»

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ተጫንኩት።»

«አጫጫንሽ ነዋ። በቁጣ ሲነኩት አይወድም። ትንሽ አሳርፊውና ቀስ ብለሽ ሞክሪ፤ ደክሞት ነው።»

ደክሞት ነው። ቆሞ የዋለው ማን ሆነና ነው የሚደክመው?

ከሁሉ የከፋው ግን የጎረቤቱ ጉዳይ ነው። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ለግቢያቸው በር ሪሞት ገዙ። ያ ሪሞትና ሳጥኑ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አይታወቅም፤ ዳኛው በራቸውን በከፈቱ ቁጥር የእነ አዛዡ መኝታ ቤት መጋረጃ ግራና ቀኝ ይሸሻል። አንድ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ በፎጣ ሆና ልብስ ስትመርጥ መጋረጃው ተከፈተ። ከአጥሩ ማዶ ዳኛው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ መሬት መሬቱን እያዩ ነው ሰላም የሚባባሉት። አዛዡ ሲነገረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየሽ፣ ዛሬም ከሩቅ ይሰማል» አለ። በኩራት።

ልጃቸው የሒሳብ ባለሙያ ናት። የእናቷ ምሬት ሲበዛባት አዲሱን መሣሪያ በካርቶን ይዛ መጣች። ይሄኛው በግድግዳው ውስጥ ሽቦ መዘርጋት አያሻውም፤ በዋይፋይ ነው የሚሠራው፤ በስልክም፣ በድምፅም፣ በግድግዳ ማብሪያም ይታዘዛል። አዛዡ መነጽሩን አድርጎ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ?»

«በግድግዳው ማብሪያ ታበራለህ፣ አባዬ።»

«ፋብሪካው የተዘጋ ዕለትስ? ይሄ ሁሉ የሚታዘዘው በእሱ አይደለም? የእኔን ሳጥን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ሳጥኑ ሰምቷል?»

«አልሰማም» አለች ልጅቷ፤ ሳትወድ ሳቀች።

«የድምፁ ነገር ደግሞ አለ። ግድግዳ ጆሮ አለው የተባለው ሰው እንዲጠነቀቅ ነው እንጂ ጆሮ እንዲገዛለት አይደለም።»

እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ክርክሩ ውሃ የሚያነሣ ነበር። ፀጉር ሠሪዋን ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ በጠቅላላው የተሳሳተ ሰው በየመሀሉ ልክ ሲሆን የሚያበግነውን ያህል የሚያበግን ነገር የለም። ካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣና አቧራ ለበሰ።

አንድ ምሽት የሾርባ ድስት ይዛ ከኩሽና ወደ ሳሎን ስትሻገር የኮሪደሩ መብራት ድርግም አለ። የሳሎኑን ደፍ ሳታየው ቀረች። ድስቱ ወደዚያ፣ እሷ ወደዚህ። ሾርባው ባይነካትም የቀኝ እጇ አንጓ ተጠመዘዘ፤ ሐኪሙ በፋሻ ጠቀለለላትና «ለጊዜው መቀስ እንዳትይዢ» አላት። ፀጉር ሠሪን መቀስ እንዳትይዢ ማለት ሹፌርን መሪ እንዳትነካ ማለት ነው። ደንበኛ እስከ መቼ ይጠብቃል? ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፀጉር ቤት ተከፍቷል፤ መስታወቱም ወንበሩም አዲስ ነው።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«ክቡር አዛዥ፣ ዛሬ ይምረጡ። ወይ እኔ፣ ወይ ሳጥኑ።»

አዛዡ ፋሻውን አየ። ሳጥኑን አየ። ከዚያ ካቻቪቴ አምጥቶ የሳጥኑን ክዳን ፈታና ፊቱን እዚያ ውስጥ ቀበረ።

«አስተካክለዋለሁ» አለ ከውስጥ።

ፀጉር ሠሪዋ በትዳር ዘመኗ እንዲህ ተዋርዳ አታውቅም። ጣውንት ቢመጣባት እንኳ ቢያንስ ሰው ናት ይባላል። ለሳጥን ተሸነፈች፤ ያውም መብራት ማብራት ለሚያቅተው ሳጥን።

በማግሥቱ አዛዡ ሥራ እንደሄደ፣ ልጇን እንኳ ሳታማክር፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራች። የመጣችው መሰላል በትከሻዋ የተሸከመች፣ ማስቲካ የምታኝክ ጎልማሳ ሴት ነበረች። ካርቶኑን አወረዱት። ባለሙያዋ ልስኑን ፈልፍላ የድሮዎቹን ማብሪያዎች ቦታ አገኘች፤ አዲሶቹን ገጠመች፤ ስልክ ነካ ነካ አደረገች። ከቀትር በኋላ ፀጉር ሠሪዋ በገዛ ድምፅዋ «ኩሽናውን አብሪ» አለች። ኩሽናው በራ። ያለ ልመና፣ ያለ ስልክ። ዕንባዋ ቅርር አለ።

ባለሙያዋ በመጨረሻ ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ሳጥኑን ከፈተች፤ ሽቦዎቹን ተከትላ መኝታ ቤት ገብታ ወጣች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ።

«ይሄን ማነው የዘረጋው? ሰውየው ጤነኛ ነው?»

«ባሌ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ይዩትማ። ሽቦው ሁሉ የሚያልፈው በመኝታ ቤት ነው። ለኩሽና የሚሄደው እንኳ አልጋው ራስጌ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ትዕዛዙ የተደበላለቀው ለዚህ እኮ ነው። ቤቱን ሁሉ አምጥቶ አልጋ ላይ የሚያስር ምን ዓይነት ቂል ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ «እኔም ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነበር።

«ሚስቱ አልጋ ላይ የቀረችበት ቂል ነዋ» አለች።

ልጃቸውን ባረገዘች ጊዜ ሐኪሙ ከአልጋሽ እንዳትወርጂ ብሏት ነበር። አዛዡ ሥራ ይውላል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሲመሽባት መብራት የሚያበራላት ጠፍቶ ጨለማው ውስጥ ተኝታ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ስታለቅስ ደረሰባት። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ግድግዳውን በመዶሻና በመሮ ሲፈለፍል ከረመ፤ መዳፉ ተልጦ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። ሲጨርስ ሪሞቱን ከትራሷ አጠገብ አኖረላት። ልጅቷ እስክትወለድ ድረስ ፀጉር ሠሪዋ መጋረጃ የምትከፍተው፣ መብራት የምታበራው፣ ሊጠይቃት ለመጣ ሰው በር የምትከፍተው ተኝታ ነበር። እሱ ይህንን ከዚያ ወዲህ አንሥቶት አያውቅም። እሷም እግሯ መሬት ከረገጠ በኋላ ኑሮው ያዛትና ረሳችው።

ባለሙያዋ ማኘኩን አቆመች። «እና ልንቀለው ወይስ ይቅር?»

«እንዳትነቅይው። ሽቦውን አለያዪው፤ ሳጥኑ ባለበት ይቀመጥ። ደግሞ ቂል ያልሽውን መልሺ።»

«መልሻለሁ፣ እትዬ» አለች ባለሙያዋ።

አዛዡ አመሻሹ ላይ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አዲሱን ማብሪያ፣ ገና ያልደረቀውን ልስን፣ ዝም ያለውን ሳጥን አየ። እሷ ለጠብ ተሰናድታ፣ በደህናው እጇ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

እሱ ግን «እንዴት ነው የሚታዘዘው?» አለ።

አሳየችው። ወደ መሣሪያው ጎንበስ አለና፣ በዚያ በመናኸሪያ ድምፁ፣ በሙሉ ትሕትና፣ «የኩሽናውን መብራት ቢቻልዎ እንዲያበሩልን» አለ።

«አልገባኝም» አለ መሣሪያው።

ደገመለት፤ «እባክዎ» ጨመረበት።

«አልገባኝም።»

አዛዡ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ቅያሜም የለም። ባልለመደው አገር መንገድ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ያኔ ነው የፀጉር ሠሪዋ ደም የፈላው። ከቀትር ጀምሮ ስታሞግሰው በዋለችው መሣሪያ ላይ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ቀሰረችበት።

«ምኑ ነው ያልገባሽ? ሰውየው በወግ በማዕረግ ነው ያናገረሽ። ስንት አውቶብስ ሙሉ ሰው የሚሰማውን አንቺ ማን ሆነሽ ነው የማትሰሚው? አንዴ ደግመሽ አልገባኝም በዪና ካርቶንሽ ውስጥ ነው የምመልስሽ።»

«አልገባኝም» አለ መሣሪያው።

አዛዡ ሳቁን አፍኖ በደህናው ክንዷ ያዛት። «ተዪያት» አለ፤ «ገና ለቤቱ እንግዳ ናት።» ከዚያ እጁን ሰድዶ በግድግዳው ማብሪያ መብራቱን አበራና እራት ሊያቀራርብ ወደ ኩሽና ገባ። ፀጉር ሠሪዋ ግን በልተው እስኪነሡ ድረስ አልበረደላትም፤ በየመሀሉ ወደ መሣሪያው እየዞረች «ጉድ እኮ ነው፤ አንቱ እያላት» ትል ነበር።