ተራራውን መሃል ያቆምሁበት ቀን

ዓይን አፋር ሰው ፎቶ አንሺ ሲሆን አንድ ጥቅም ያገኛል፤ ፊቱን በካሜራ ይሸፍናል። እኔም የትምህርት ቤታችን የፎቶ ክበብ የገባሁት ለዚሁ ነው እንጂ ለጥበቡ አይደለም፤ እናንተ ግን ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ዲጂታል ካሜራቸውን የሚያውሱን መምህር ሂስቶግራም የሚባለውን ሲያሳዩን ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። የሰው ፊት ከማየት ግራፍ ማየት ይሻላላ! በካሜራው መስኮት ጥግ ግራፉ የሚሠራት ትንሽ ተራራ ትታያለች፤ ግራዋ የፎቶው ጨለማ፣ ቀኟ ብርሃኑ ነው። ከቀኙ ጠርዝ ተላትማ ከተቆረጠች ብርሃን በዝቶ ነጩ ሁሉ ተቃጥሏል ማለት ነው።

«ብዙ ጊዜ መሃል ብትሆን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን…» አሉ መምህሩ። ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን አልሰማሁም። መጠየቅም አፈርሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ጥቁር እንደለበሱ ነበር። ቡሬ የምትሠራው ልጃቸው ትርንጎ በስልክ «አውልቂው» እያለች ትለምናለች፤ ራሷ ግን አትመጣም፤ ሥራ በዝቶባታል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ እኮ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠበቀው ከመንገዱ ይረዝማል። በመጨረሻ ጥቁሩን ያወለቁ ዕለት ነጭ በነጭ ለብሰው አስጠሩኝ።

«በል አንሳኝ፤ ነጩ በደንብ ይታይ። ይህን ካየች ልቧ ያርፋል።»

«እሺ እትዬ፤ ወደ ግድግዳው ይጠጉልኝ» አልሁ፣ ለራሴም እምብዛም ሳይሰማኝ።

«ምን ያንሾካሽክሃል? ለሽምግልና ነው እንዴ የመጣኸው?»

በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ነጭ ቀሚስ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ። ተራራዋ ወደ ቀኝ ሄዳ፣ ጠርዙን ሳትነካ ቆመች። እኔ ግን መሃል ካልሆነች ብዬ በካሜራው ብርሃኑን ቀነስሁ። ፈቀቅ አለች። አሁንም ቀነስሁ።

«አልጨረስህም? ፀሐዩ አናቴን በሳው እኮ!»

መሃል ስትቀመጥልኝ አነሳሁ። እሳቸውን አንዴም አላየሁም።

ፎቶ ቤት ሄጄ ሳሳትመው ነጩ ቀሚስ አመድ መስሏል፤ ግድግዳው ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ የእሳቸው ፊት ደግሞ የለቅሶ ቤት ፊት። ለካ ነጭ ሲበዛ ተራራዋ ወደ ቀኝ ማዘንበሏ ጤንነቷ ኖሯል፤ መምህሩ ሊነግሩን የጀመሩትም ይህንኑ ነበር። ደፋር ቢሆን ተመልሶ ሌላ ያነሳል። እኔ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አሽጌ ለትርንጎ እንዲያደርስ ለሚኒባስ ረዳት ሰጠሁ።

በማግስቱ ትርንጎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተፍ አለች። «ለፎቶ እንኳ የሐዘን ልብሱን አታወልቂውም?» እያለች ስትገባ እናቷን በነጭ ልብስ አገኘቻቸው። ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ነበርሁ።

ሁለት ቀን አድራ እንደሄደች እትዬ ዘርፌ አስጠሩኝ። ትርንጎ ይዛው የመጣችውን ፎቶ ይዘዋል። ለይቅርታ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ለፋሲካም ሥራ ይበዛብኛል ብላለች» አሉ። «እንደዚሁ አድርገህ አንሳኝ። ትንሽ ጨለም ይበል እንጂ።»